ታይመር ሳበራ የማውቀው ሁሉ ይጠፋብኛል

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አምዳችሁን ሁሌ ነው የማነበው። ለማስተርስ ለማመልከት ጂአርኢ ልፈተን ተመዝግቤያለሁ፣ የቀረኝ አምስት ሳምንት ነው። ከሥራ መልስ እስከ ሌሊት ድረስ አጠናለሁ፣ ያለ ሰዓት ስሠራ የኳንት (የሂሳቡ ክፍል) ጥያቄዎቹ ያን ያህል አይከብዱኝም፣ ግን ታይመር ሳበራ ልቤ መምታት ይጀምራል፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነባለሁ ምንም አይገባኝም። ሰሞኑን ጭራሽ ስኮሬ እየወረደ ነው። እባካችሁ ምን ላድርግ?
ጨነቀኝ ነኝ

መልስ፦ እህታችን ጨነቀኝ፣ ስኮርሽ የወረደው ትምህርቱ ስለጠፋብሽ አይመስለንም። ሰው ሂሳብ ሲሠራ ቁጥሮቹን ለጊዜው ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ነው የሚያሰላው፣ ያ አቅም ደግሞ ውስን ነው፣ «ብወድቅስ፣ ሰዓቱ ቢያልቅስ» የሚለው ሐሳብ ሲገባ እዛው ላይ ይሻማል፣ ለጥያቄው የሚተርፈው ትንሽ ይሆናል። እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የሌሊቱን ጥናት ተዪው፣ ቅር ይበልሽ ግን ተዪው፣ ቀን የተጠና ነገር የሚረጋው በእንቅልፍ ነው።

ዋናው ሥራ ከታይመሩ ጋር መላመድ ነው፣ ያለ ሰዓት ስለሠራሽ ብቻ ፍርሃቱ አይለቅሽም። ግን በአንዴ ሙሉ ፈተና አትሞክሪ። የመጀመሪያው የኳንት ሴክሽን 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ ነው፣ ለአንዱ 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ማለት ነው፣ እና አራት ጥያቄ ብቻ ወስደሽ በ7 ደቂቃ ሥሪ፣ ልብሽ ቢመታም አታቋርጪ። ሰባት ደቂቃው ሲለመድሽ ስምንቱን በ14፣ ከዛ 12ቱን። የተሳሳትሽውን የምታይው ታይመሩ ከጠፋ በኋላ ነው፣ እዛ ላይ ግን አትቸኩዪ፣ ያላወቅሽው ነው ወይስ አውቀሽው በችኮላ ያለፈሽ የሚለውን ለይተሽ ጻፊው፣ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

ብዙ ሰው ፈተናውን የሚፈራው አሠራሩን ስለማያውቅም ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ወዲህ አጥሯል፣ በጠቅላላው 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነው፣ መሃል ላይ ዕረፍት የለም፣ ድርሰቱ ሁሌ መጀመሪያ ይመጣል። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፣ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ የለም፣ የከበደሽን ምልክት አድርገሽ አልፈሽ ሰዓቱ ሳያልቅ እዛው ሴክሽን ውስጥ መመለስ ትችያለሽ። ሌላው፣ ሁለተኛው የኳንት ሴክሽን የሚከብደው ወይ የሚቀለው በመጀመሪያው ውጤትሽ ነው፣ እና ሁለተኛው ላይ ጥያቄው ጠጠር ሲልብሽ አትደንግጪ፣ የመጀመሪያውን ጥሩ ስለሠራሽ ሊሆን ይችላል! ባይሳካም ከ21 ቀን በኋላ ደግመሽ መፈተን ይቻላል፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 5 ጊዜ፣ ለዩኒቨርሲቲው የትኛው ስኮር እንደሚላክም የምትመርጪው አንቺ ነሽ። የማመልከቻሽን ዴድላይን ግን ከዚህ ጋር አስተያዪው።

ፓወርፕረፕ በሚባለው የፈተናው አዘጋጅ የልምምድ ገጽ ላይ ሁለት ነፃ ፈተና አለ፣ ሁለቱንም አሁን አትጨርሻቸው። አንዱን ፈተናው አሥር ቀን ገደማ ሲቀረው፣ በምትፈተኚበት ሰዓት፣ ስልክ ዘግተሽ፣ ሳትነሺ ሥሪው።

ለዕለቱ ደግሞ አንድ ነገር እንንገርሽ፣ ጄራርዶ ራሚሬዝና ሲያን ባይሎክ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት አለ፣ ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ጭንቀታቸውን በወረቀት የጻፉ ተማሪዎች፣ በተለይ ፈተና የሚያስጨንቃቸው፣ ውጤታቸው ተሻሽሏል። አሁኑኑ ከልምምድሽ በፊት ጀምሪው፣ ማንም አያየውም፣ የፈራሽውን እንዳለ ጻፊና ቅደጂው። ሌላው ትንፋሽ ነው፣ ከምታስገቢው ይልቅ የምታስወጪውን አስረዝሚው።

የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ካለሽ፣ ሰው ስኮሩን የሚለጥፍበት ከሆነ፣ እስክትፈተኚ ውጪ። እና ጭንቀቱ ከጥናት ውጭም ካለቀቀሽ፣ ምግብና እንቅልፍ ከከለከለሽ፣ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሪ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ 12ቱን በ21 ደቂቃ መጨረስ አሁንም ካቃተሽ ቀኑን ማዛወር አስቢበት፣ ክፍያ አለው፣ ደግሞም ፈተናው ቢያንስ 4 ሙሉ ቀን ሲቀረው መሆን አለበት። እስከዛው እንዴት እየሄደልሽ እንደሆነ ጻፊልን።