«ቀስተ ደመና ወጣ» ወይስ «ታየ»?

ጥያቄ፦ አንድ የአማርኛ መምህር የሚከተለውን ጽፈውልናል። ተማሪያቸው በድርሰቱ ውስጥ «እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ ሲያባራ በአዲስ አበባ ሰማይ ከፀሐይዋ ጎን ቀስተ ደመና ወጣ» ብሏል፤ ባልደረባቸው ግን «ወጣ» የሚለው ግሥ ስሕተት ስለሆነ በ«ታየ» ይተካ ይላሉ። ብዙ ቁጥሩ እንዴት እንደሚነገርም ጠይቀዋል።

መልስ፦ «ወጣ» ምንም አልበደለም። አማርኛ ፀሐይም፣ ጨረቃም፣ ኮከብም «ወጣ» ይላል፤ ግሡ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ለዓይን መገለጡን እንጂ ከአንድ ስፍራ ተነሥቶ መምጣቱን የግድ አያመለክትም። ለሳይንስ ጽሑፍ ግን እኔም «ታየ»ን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ቀስተ ደመና ያለ ተመልካች የሚታሰብ ነገር አይደለም። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች እንኳ ቀለሙን የሚያዩት ከተለያዩ የውሃ ጠብታዎች በመጣ ብርሃን ነውና፣ በጥብቅ አነጋገር እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቀስት ያያሉ።

መታረም ያለባቸው የጊዜውና የቦታው ቃላት ናቸው። የፀሐይ ብርሃን ወደ ዝናብ ጠብታ ሲገባ ይሰበራል፣ ከጠብታው የኋላ ግድግዳ ላይ ይንጸባረቃል፣ ሲወጣም ዳግመኛ ይሰበራል፤ በዚህ ጉዞ ቀለማቱ ይለያያሉ። የሚወጣው ብርሃን ጎልቶ የሚታየው ከፀሐይ በተቃራኒ ካለው ነጥብ፣ ማለትም ከተመልካቹ ራስ ጥላ አቅጣጫ፣ ለቀይ 42፣ ለሐምራዊ 40 ዲግሪ ያህል ርቀት ላይ ነው። ስለዚህ ቀስተ ደመናን የሚያይ ሰው ሁልጊዜ ጀርባውን ለፀሐይ የሰጠ ነው፤ «ከፀሐይዋ ጎን» የሚለው ሐረግ በዚሁ ይወድቃል። ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከ42 ዲግሪ ካለፈች ደግሞ ቀስቱ በሙሉ ከአድማስ በታች ስለሚውል፣ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው በሰማይ ላይ አያገኘውም።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ ወር እንኳ ከ57 ዲግሪ በታች አትወርድም። በእኩለ ቀን በከተማዪቱ ሰማይ ላይ ቀስተ ደመና በየትኛውም ወር አይታይም ማለት ነው። አመቺው ሰዓት ከጧቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው፤ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል፣ የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው ቀስተ ደመና በአብዛኛው በስተምሥራቅ የሚወጣው ነው። ጢስ ዓባይን ከመሰለ ፏፏቴ በላይ የቆመ ሰው ግን ፀሐይ ከፍ ብላም ሳለ ከእግሩ በታች፣ በሚበተነው ጭጋግ ውስጥ ሊያየው ይችላል፤ ያኔ «በሰማይ» የሚለው ቃል ነው የሚቀረው።

ተማሪው ያየውን በታማኝነት ጽፎ እንደሆነስ? ያየው ፀሐይን የሚከባት ቀለበት ይሆናል። «ፀሐይ በቀስተ ደመና ተከበበች» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ቀለማት ስላሉት አባባሉ አይገርምም፣ ቢሆንም አሳሳች ነው። ቀለበቱን የሚሠሩት በከፍተኛ ስስ ደመና ውስጥ ያሉ የበረዶ ቅንጣቶች ናቸው፤ ከፀሐይ 22 ዲግሪ ያህል ርቆ ይዞራታል፣ ዝናብም አያስፈልገውም። መለያው ቀዩ ቀለም ነው፤ በቀለበቱ ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ሲሆን በዋናው ቀስተ ደመና ላይ ግን በውጭ በኩል ነው። ይህን «የፀሐይ ቀለበት» ብንለው ይበቃል። (ለማየት ሲፈለግ ፀሐይዋን በአንድ ነገር መከለል ግድ ነው።)

እንግዲህ ዐረፍተ ነገሩ ቢታረም «ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲያባራ በስተምሥራቅ ቀስተ ደመና ወጣ» ይሆናል።

ብዙ ቁጥሩን በተመለከተ፦ «ቀስተ ደመና» በግእዝ ሥርዓት የተናበበ ነው፤ «ቀስት» ከ«ደመና» ጋር ሲናበብ መጨረሻው «ተ» ስለሚሆን «ቀስት ደመና» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። በአማርኛ እንደ አንድ ስም ስለሚቆጠር ብዙ ቁጥሩ በመጨረሻ ይገባል፤ «ቀስተ ደመናዎች»። ቁጥር ሲቀድመው «ሁለት ቀስተ ደመና» ማለትም ያምራል። አጋጣሚውም አለ፤ ብርሃኑ በጠብታው ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲንጸባረቅ ከዋናው በላይ፣ 51 ዲግሪ አካባቢ፣ ደብዘዝ ያለና ቀለማቱ የተገለበጡ ሁለተኛ ቀስት ይወጣል።