ብድር፣ ዘካና ወለድ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በዚህ ዙር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዘመድ ለዘመድ ስለሚያበድረው ገንዘብ ናቸው። ከዚያው እጀምራለሁ።

ጥያቄ፦ ለአጎቴ ልጅ ገንዘብ ላበድር ነው። እንጻፈው ካልኩት «አታምነኝም ማለት ነው?» ብሎ እንዳይቀየመኝ ሰጋሁ። በቃል ብቻ ብሰጠውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጻፈው። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ብድር ውል የሚናገረው ነው፤ ሱረቱል በቀራ 282። ባለ ዕዳው ራሱ እያስጻፈ ውሉ እንዲጻፍ፣ ምስክር እንዲቆም፣ ገንዘቡ ትንሽም ይሁን ብዙ መጻፉ እንዳይሰለቸን ያዘናል። አብዛኞቹ ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) መጻፉን ግዴታ አላደረጉትም፤ የተወደደ ነው ይላሉ። እኔ ግን በዘመድ መካከል ሲሆን የበለጠ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ባዕድ ቢክድህ ገንዘብህን ታጣለህ፤ ዘመድ ሲሆን ዝምድናውም አብሮ ይሄዳል።

አንድ ገጽ ይበቃል። ስንት እንደወሰደ፣ መቼ እንደሚመልስ፣ የሁለታችሁና የምስክሮቹ ፊርማ ይኑርበት። አንዱ ኮፒ አንተ ጋ፣ አንዱ እሱ ጋ ይቀመጥ። ከፈል አድርጎ ሲሰጥህ ቀኑንና መጠኑን እዚያው ላይ ጽፋችሁ ፈርሙ። ብዙ ቤተሰብ የሚጣላው «ሰጥቼሃለሁ»፣ «አልሰጠኸኝም» ላይ ነው። ደግሞ ሞት አለ። ውርስ የሚከፋፈለው ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ስለሆነ፣ ያቺ ወረቀት ለሁለታችሁም ልጆች ታስፈልጋለች።

ቀኑ ደርሶ እጅ ካጠረውስ? የዚያው ሱራ አንቀጽ 280 እስኪያገኝ ታገሱት፣ ብትተዉለት ደግሞ ይሻላችኋል ይላል። ለጨመርክለት ጊዜ ግን አንዲት ሳንቲም እንዳትጨምርበት፤ እሱ ሪባ፣ ማለትም የተከለከለው ወለድ ነው።

ጥያቄ፦ ከወለድ ነፃ ባንክ ዕቃ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ ይሸጥልኛል። ሲደመር ከወለድ ብድር ጋር አንድ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ድምሩ አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው ኃላፊነቱ ላይ ነው። ይህ ሽያጭ ሙራበሃ ይባላል፤ በሙራበሃ ባንኩ መጀመሪያ ዕቃውን ገዝቶ የራሱ ያደርጋል። አንተ ሳትረከበው ቢሰበር ወይም ቢቃጠል ኪሳራው የባንኩ ነው። የገዛበትንና የጨመረውን ትርፍ በግልጽ ይነግርሃል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ ብትዘገይም አይንርም። ለማዘግየት ቅጣት ከተጣለ ደግሞ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል እንጂ የባንኩ ገቢ አይሆንም።

ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት ዕቃው መቼና በማን ስም እንደተገዛ ጠይቅ። ጥሬ ገንዘቡን እጅህ ላይ አስቀምጠው «ግዢ» የሚል ወረቀት ካስፈረሙህ፣ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው። አትፈርም።

ጥያቄ፦ ደመወዝተኛ ነኝ። ቁጠባዬ ከፍ ዝቅ ይላል። የዘካዬን ሂሳብ እንዴት ልያዘው?

መልስ፦ ከሂጅራ (ከእስልምና የጨረቃ) አቆጣጠር አንድ ቀን ምረጪ። ቀኑ በየዓመቱ ሲመጣ በእጅሽና በባንክ ያለውን፣ እንደሚመለስልሽ የምትተማመኚበትንም ብድር ደምሪ። አሁን መክፈል ያለብሽን ዕዳ ቀንሺ። የቀረው የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ከደረሰ ለ40 አካፍይው። 100,000 ከሆነ ዘካው 2,500 ነው። በ595 ግራም ብር የሚለኩም አሉ፤ በዚያ መለኪያ ብዙ ሰው ዘካ ስለሚያወጣ ለድሃው ይበጃል። በመሀል ዝቅ ማለቱን በተመለከተ ሐነፊዮች (የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት) የሚያዩት የዓመቱን መጀመሪያና መጨረሻ ነው፤ ጨርሶ እስካላለቀ ድረስ ዓመቱ አይቋረጥም። ለደመወዝተኛ ይሄ ይቀላል።

ጥያቄ፦ ሳላውቅ ሂሳቤ ላይ ወለድ ተጠራቅሟል። ምን ላድርገው?

መልስ፦ ለይተሽ አውጪና ለችግረኛ ስጪው። አጅር (የአላህን ምንዳ) አትጠብቂበት፤ ከዘካሽም ላይ አታስቢው። ከዚያ ሂሳቡን ወደ ወለድ ነፃ አዛውሪው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዕዳ አናቱ ላይ ወጥቷል። ዘካዬን ለሱ መስጠት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ። ዕዳ የከበደባቸው ሰዎች በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ከተዘረዘሩት ስምንቱ የዘካ ተቀባዮች መካከል ናቸው። እሱን የማስተዳደር ግዴታው ያንቺ እስካልሆነ ድረስ ችግር የለውም፤ ለዘመድ ሲሆን ሰደቃም ዝምድናን መቀጠልም ነው። ዘካ መሆኑን ልትነግሪው አትገደጂም።