ከኒውተን እስከ ኳንተም፦ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆነኝ። "ያልገባችሁን ሁሉ ጠይቁኝ፤ ቀላል ነው ብላችሁ ያፈራችሁበትንም ጭምር" ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጣ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ፎርስ፣ ኢነርጂና ፓወር ይምታቱብኛል። በአማርኛ ሦስቱንም "ኃይል" ነው የምንላቸው። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጥፋቱ የአንተ አይደለም። ቋንቋችን አንዱን ቃል ለሦስት ሥራ አሰማርቶታል። "የስበት ኃይል" ስንል ፎርስ ማለታችን ነው። "ኃይል ቆጣቢ አምፖል" ስንል ኢነርጂ። የሕዳሴ ግድብ "5,150 ሜጋዋት ኃይል" ስንል ደግሞ ፓወር።

ፎርስ መግፋት ወይም መሳብ ነው። ኢነርጂ ሥራ የመሥራት አቅም ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል እንጂ አይጠፋም። ፓወር ደግሞ ያ ኢነርጂ በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚተላለፍ ይነግርሃል።

ወደ ማዕድ ቤት እንግባ። የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁ ላይ 3,500 ዋት ተብሎ ተጽፏል እንበል። ይሄ ፓወር ነው። ሳይጠፋ 2 ሰዓት ከሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ይሄ ኢነርጂ ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረውም እሱን ነው። በዚያው 7 ኪሎዋት ሰዓት ባለ 10 ዋት አምፖል 700 ሰዓት ይበራል። ሌት ተቀን ቢበራ 29 ቀን ገደማ ማለት ነው። ምጣዱና አምፖሉ የበሉት ኢነርጂ እኩል ነው። ምጣዱ ቶሎ በላው፣ አምፖሉ ቀስ ብሎ።

ፎርስ ስላለ ብቻ ደግሞ ኢነርጂ ይተላለፋል ማለት አይደለም። ባልዲ ውሃ አንጠልጥለህ ብትቆም ክንድህ ይዝላል። ጡንቻህ ውስጥ ኢነርጂ እየተቃጠለ ነው። ባልዲው ግን ከፍ እስካላለ ድረስ ከአንተ ምንም አልተቀበለም። ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የምትጥለው ይህቺ ናት።

ጥያቄ፦ ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት የሚገፋኝ ምንድን ነው?

መልስ፦ ማንም አልገፋሽም። አንቺም ሚኒባሱም አብራችሁ እየሄዳችሁ ነበር። ፍሬኑ መኪናውን አቆመው፤ አንቺን ግን የያዘሽ ስላልነበረ ጉዞሽን ቀጠልሽ። ኒውተን በ1687 የጻፈው የመጀመሪያው ሕግ ይሄው ነው። የወንበር ቀበቶ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ መኪናው ሲቆም አብሮ የሚያቆምሽ እሱ ነው። እባካችሁ እሰሩት።

ጥያቄ፦ ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት እዚያ ላይ ስበት ስለሌለ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከመሬት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው የሚዞረው። እዚያ ያለው ስበት እዚህ ካለው 90 በመቶ ያህል ነው። የሚንሳፈፉት እየወደቁ ስለሆነ ነው። ጣቢያውም ሰዎቹም እኩል ይወድቃሉ። ግን ወደ ጎን በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚከንፉ፣ በወደቁ ቁጥር መሬት ከሥራቸው ትታጠፋለች። መሬትን ለመዞር 90 ደቂቃ ያህል ይበቃቸዋል።

"ከባዱ ቀድሞ አይወድቅም ወይ?" ያላችሁኝም አላችሁ። በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና የጭልፊት ላባ አንድ ላይ ለቀቀ። እኩል ወደቁ። እዚህ ላባውን የሚያዘገየው አየር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኳንተም የሚለው ቃል ራሱ ምን ማለት ነው? ሁሉም ይለዋል፣ ማንም አያብራራውም።

መልስ፦ ቃሉ ላቲን ነው፤ "ምን ያህል" እንደማለት። ሐሳቡን በሱቅ ምሳሌ ልንገርህ። ዘይት በፈለግከው መጠን ይቀዳልሃል። እንቁላል ግን አንድ ተኩል አይሸጥም፤ ወይ አንድ ነው ወይ ሁለት። የድሮው ፊዚክስ ኢነርጂን እንደ ዘይት ነበር የሚያየው። ማክስ ፕላንክ በ1900 "እንደ እንቁላል ነው" አለ።

ወዶ አይደለም። ብረት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ ነጭ ይሆናል። ይህን ቀጥቃጭ ሁሉ ያውቀዋል። የዘመኑ ሒሳብ ግን ለምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተው። ይባስ ብሎ የጋለ ነገር ሁሉ ማለቂያ የሌለው አልትራቫዮሌት (ለዓይን የማይታይ ጨረር) ይረጫል የሚል መልስ ሰጠ። ፕላንክ ኢነርጂን በጥቅል በጥቅል ሲቆጥረው ሒሳቡ ገጠመ። የጥቅሉን መጠን የሚወስነው ቁጥር ዛሬ የፕላንክ ቋሚ ይባላል። በምንጠቀምበት አሃድ ሲጻፍ ከነጥብ በኋላ 33 ዜሮ ይደረደርና ነው 6 የሚመጣው። ያን ቁጥር አደራ ያዙት፤ እመለስበታለሁ።

በ1905 አልበርት አንስታይን ብርሃን ራሱ በጥቅል ነው የሚጓዘው አለ። ዛሬ ፎቶን የምንለው ያንን ጥቅል ነው። የ1921 የኖቤል ሽልማቱ በዚህ እንጂ በሪላቲቪቲ አልነበረም።

የድሮ ፎቶ ቤት ጥቁር ክፍል ያየ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሲታጠብ ቀይ መብራት ይበራል፤ ወረቀቱ ግን አይጠቁርም። ለምን? በወረቀቱ ላይ ያለውን የብር ውሁድ ለመቀየር አንድ ፎቶን ብቻውን የተወሰነ ኢነርጂ ይዞ መምጣት አለበት። የቀይ ፎቶን ያን ያህል አቅም የለውም። የቫዮሌት ፎቶን ወደ እጥፍ የሚጠጋ ይይዛል። ስለዚህ ብዙ ቀይ ፎቶን ያላደረገውን ጥቂት ቫዮሌት ያደርገዋል። ብርሃን እንደ ዘይት የሚቀዳ ቢሆን ኖሮ ቀዩም እየተጠራቀመ ወረቀቱን ባጠቆረው ነበር።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮን ቅንጣት ነው ሞገድ? አንዱን ይምረጡልን።

መልስ፦ መምረጥ አልችልም፤ ሁለቱም ስሞች አይበቁትም። በ1989 አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ ላኩ። ከፊታቸው ሁለት መንገድ ነበር። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ አሳረፈ። እስከዚህ ቅንጣት ነው። መጀመሪያ ነጥቦቹ እንደተበተነ ጤፍ ነበሩ። ሺዎች ሲጠራቀሙ ግን ጥቁርና ነጭ ሽንትር ሆነው ተሰለፉ። ሽንትር የሚሠራው ሁለት ሞገድ ሲገናኝ ነው። ግን በየጊዜው የሚጓዘው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነበር። በየትኛው መንገድ እንዳለፈ የሚለይ ነገር ከተጨመረ ደግሞ ሽንትሩ ይጠፋል።

ይህን ሳስተምር እስከ ዛሬ ሰውነቴን ይወረኛል።

ጥያቄ፦ "ሰው ሲያየው ባሕርዩን ይለውጣል" ይባላል። ታዲያ በሐሳባችን እውነታን መለወጥ እንችላለን ማለት ነው? በዚህ ስም ስልጠናም የፈውስ መሣሪያም እየሸጡልን ነው።

መልስ፦ አንችልም። በፊዚክስ "ማየት" ማለት መለካት ነው፤ መለካት ማለት ደግሞ መንካት። የሰው ዓይን አያስፈልገውም፤ አንዲት የአየር ሞለኪውል ትበቃለች።

ማስረጃው ቪየና ውስጥ የተሠራ ሙከራ ነው። በ1999 60 የካርቦን አተም ያለው ሞለኪውል እንደ ሞገድ ሽንትር ሲሠራ አሳዩ። በኋላ ተመሳሳይ ሙከራ ሲሠሩ መሣሪያው ውስጥ ጋዝ እየጨመሩ አዩት። ጋዙ በበዛ ቁጥር ሽንትሩ እየደበዘዘ ሄደ። የማንም ሐሳብ አልገባበትም። የጋዝ ሞለኪውል መጥቶ ስለተጋጨ ብቻ ነው።

ስለዚህ "ኳንተም" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት የፈውስ ዕቃ ሲያመጡላችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ። የታመመ ሰው ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ሕክምናውን አታቋርጡ። ኳንተም በእውነት ያለበት የሕክምና መሣሪያ አለ፤ ኤምአርአይ ይባላል። እሱ የሚሠራው ሰውነታችን ውስጥ ባለው የሃይድሮጅን አስኳል ነው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮን ሞገድ ከሆነ ኳስ ለምን አይሆንም? ኒውተን ተሳስቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አደራ ያልኳችሁ ቁጥር እዚህ ነው የሚመጣው። በ1924 ሉዊ ደ ብሮይ የማንኛውም ነገር የሞገድ ርዝመት የፕላንክ ቋሚ ለመጠነ ቁስና ለፍጥነት ብዜት ሲካፈል ነው አለ። 430 ግራም ኳስ በሰከንድ 20 ሜትር ሲመታ አስሉት። የአተም አስኳልን ቢሊዮን ቦታ ክፈሉት። አንዱን ክፍል እንደገና ቢሊዮን ቦታ ክፈሉት። የኳሱ ሞገድ ከዚያም ያንሳል። በምን ይታያል? ኤሌክትሮን ግን በጣም ቀላል ስለሆነ የሞገዱ ርዝመት የአተምን ስፋት ያክላል። ስለዚህ አተም ውስጥ ሞገድነቱን ችላ ማለት አይቻልም።

ኒውተን አልተሳሳተም። የኳንተምን ሒሳብ ለትልልቅ ነገር ስትሠሩት የኒውተን ሕግ ራሱ ይወጣላችኋል። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ዛሬም በኒውተን ነው የሚያሰላው። "ኳንተም የድሮውን ፊዚክስ አፈረሰው" የሚለውን አባባል ከተማሪዎቼ አፍ ማስወጣት የምፈልገው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የሃይዘንበርግ መርህ መሣሪያችን ደካማ ስለሆነ የመጣ አይደለም? አንድ ቀን የተሻለ መሣሪያ ቢሠራስ?

መልስ፦ መሣሪያው ምንም ቢሻሻል አይለወጥም። የኤሌክትሮንን ቦታና ሞመንተም (የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት) በአንድ ላይ በትክክል ማወቅ አይቻልም የሚለው መርህ የሞገድ ጠባይ ነው። ከበሮ አንዴ ሲመታ መቼ እንደተመታ በትክክል ታውቃለህ። ድምፁ የትኛው ኖታ ነው ቢሉህ ግን ይቸግርሃል። ማሲንቆ አንድ ድምፅ ሲያስረዝም ኖታውን ትለያለህ። "ድምፁ ያለው በየትኛዋ ቅጽበት ነው?" ቢሉህ ደግሞ መልስ የለህም፤ በርዝመቱ ሁሉ ተዘርግቷል። አጭርም ጥርት ያለ ኖታም በአንድ ላይ አይሆንም። ኤሌክትሮን ሞገድ ስለሆነ ቦታውና ሞመንተሙም እንደዚያው ናቸው። ሃይዘንበርግ በ1927 ገደቡን በቁጥር አስቀመጠው።

ጥያቄ፦ እህቴ አሜሪካ ናት። በተጠላለፉ ቅንጣቶች ከብርሃን ፈጥነን መልእክት መላላክ እንችላለን?

መልስ፦ አይቻልም። የተጠላለፉ የሚባሉት ሁለት ቅንጣቶች ተራርቀውም ሲለኩ ውጤታቸው ይዛመዳል፤ ግን አንቺ የምታገኚውን ውጤት መርጠሽ ማዘዝ አትችዪም። ማዘዝ ካልቻልሽ መልእክት የለም። ዝምድናው ግን እውነት ነው። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል በ1964 መፈተኛውን በሒሳብ አስቀመጠ። ፈትነው ያረጋገጡት አላን አስፔ፣ ጆን ክላውዘርና አንቶን ዛይሊንገር በ2022 ኖቤል ተሸለሙ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጄ 9ኛ ክፍል ነው። "ኳንተም ለእኔ ምን ያደርግልኛል?" ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ እናቴ፣ ስልኩን ያሳዩት። ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች (ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች) የተሠሩት ኤሌክትሮን በጠጣር ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ኳንተም ስላስተማረን ነው፤ የመጀመሪያው የተሠራው በ1947 ነው። ቀጥለው ፀሐይን ያሳዩት። መሐሏ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ የምትበራው የሃይድሮጅን አስኳሎች፣ ማለትም ፕሮቶኖች፣ ተገናኝተው ሲዋሃዱ ነው፤ በኒውተን ሒሳብ ግን ለዚህ ያ ሙቀት አይበቃም። ፕሮቶኖች ስለሚገፋፉ አይገናኙም። የሚገናኙት፣ ሞገድ በመሆናቸው አንዳንዴ የማይዘለለውን አጥር ሾልከው ስለሚያልፉ ነው። ያ ባይሆን ፀሐይ እንዲህ አትበራም ነበር።

ከዚያ ሁለት እርሳስ ይስጡት። እንደ ፀጉር የቀጠነ ክፍተት ብቻ እስኪቀር አጠጋግቶ ዓይኑ አጠገብ ይያዛቸውና በመሐላቸው ማታ የሩቅ አምፖል ይመልከት። ፀሐይን ግን በጭራሽ እንዳይመለከት። ብርሃኑ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ በውስጡም ቀጫጭን ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ። እርሳሶቹን ይበልጥ ሲያጠጋጋ ብርሃኑ ይጠብ ወይስ ይሰፋ እንደሆነ ይመዝግብና ይላክልኝ።