ልጇን ብትቀበለው ከኃጢአቱ ትካፈላለች ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎት ከዱባይ ነው። ሰው ቤት ነው የምሠራው። አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት ናት፤ እንደ እኔ ካቶሊክ ናት፤ አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። ባለፈው ሳምንት በስልኳ «ኢን ማይ ላይፍ» የሚባል የአገሯን ፊልም አብረን አየን። እናትየው ከፊሊፒንስ ኒው ዮርክ ልጇ ጋ ትሄዳለች። ልጁ ደግሞ ከወንድ ጋር በፍቅር ነው የሚኖረው። ፊልሙ ሲያልቅ ጓደኛዬ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ለካ የእሷም የ18 ዓመት ልጅ ከሦስት ወር በፊት በስልክ «እማ፣ እኔም እንዲህ ነኝ» ብሏት ኖሯል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገረችውም። ለቤተሰቧ የምታጠራቅምበት ትልቁ ካርቶን እንኳ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ምንም አልጨመረችበትም። «ብቀበለው ከኃጢአቱ እካፈላለሁ፤ መቁረብም አልችልም» ትለኛለች። ምን ልበላት? እኔስ እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ ማልቀሴ ኃጢአት ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። ማልቀስሽ ኃጢአት አይደለም። ለሰው እናት ማዘን ከመቼ ወዲህ ነው ንስሐ የሚያስገባው?

ፊልሙን አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። እናቲቱን ሆና የሠራችው ቪልማ ሳንቶስ በአገሯ እጅግ የተወደደች ተዋናይት ናት፤ ያኔ የባታንጋስ ክፍለ ሀገር ገዥም ነበረች። ልጇን ሆኖ የሠራው ሉዊስ ማንዛኖ ደግሞ በእውነትም የወለደችው ልጇ ነው። አብረው ሲታዩ ልብ የሚነካው አንድም ለዚህ ይመስለኛል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ ይሞታል። እናት ከዚያ በኋላ የምትጽናናው ልጇ ይወደው ከነበረው ሰው ጋር ሆና ነው። የገዛ ልጇን ሕይወት ከሌላ ሰው አፍ ትሰማለች። ጓደኛሽ ያለቀሰችው እዚህ ጋ ከሆነ አይገርመኝም። የእሷ ልጅ ግን በሕይወት አለ። ስትደውልለት ስልኩ ይጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን ሸፋፍኜ አላልፍም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2357 የተመሳሳይ ጾታን ግንኙነት እንደማትቀበል በግልጽ ይናገራል። ጓደኛሽ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ወረድ ብሎ ያለው ቁጥር 2358 ግን እነዚህን ሰዎች በአክብሮት፣ በርኅራኄና በጥንቃቄ ልንቀበላቸው ይገባል ይላል። አግባብ ያልሆነ መድልዎ ሁሉ መቅረት አለበት ይላል። ሁለቱም የተጻፉት አንድ መጽሐፍ ላይ ነው። እኛ አንዱን ጮክ ብለን እናነብና ሌላው ጋ ስንደርስ ገጹን እንገልጣለን።

ከሰው ኃጢአት መካፈል ማለት ያን ኃጢአት ፈልጎ መምከር፣ መገፋፋት፣ ማገዝ ነው። ልጅን «በልተሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የትኛው ውስጥ ይገባል? ልብስ መግዛት፣ ድምፁን መስማት፣ ስሙን በጸሎት ማንሳት? አንዳቸውም ከቁርባን አያግዷትም። እንዲያውም እኔ ንስሐ አባቷ ብሆን የምጠይቃት ስለዚያ የሦስት ወር ዝምታ ነበር።

ስለ ቅድስት ሞኒካ ንገሪያት። ልጇ ቅዱስ አውግስጢኖስ በወጣትነቱ ማኒ የሚባለውን ሰው ትምህርት ተከተለ። ያላገባትን ሴት ይዞም ይኖር ነበር፤ ከእሷም ልጅ ወልዷል። ሞኒካ ስለ ኑፋቄው በጣም ከመቆጣቷ የተነሳ ከእሷ ጋር እንዳይኖር፣ ከአንድ ማዕድም እንዳይቆርስ ከልክላው ነበር። ይህን እሱ ራሱ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ጽፎታል። በኋላ ሕልም አየች። እያዘነች ቆማ ሳለ አንድ ብሩህ ወጣት መጥቶ ለምን እንደምታለቅስ ጠየቃት፤ ተመልከቺ፣ አንቺ ያለሽበት እሱም አለ አላት። ዞር ስትል ልጇ አጠገቧ ቆሟል። ስትነቃ ቤቷንም ማዕዷንም መልሳ ከፈተችለት።

እዚህ ጋ ቆም በይ፣ እኅቴ። አውግስጢኖስ ያኔ አልተለወጠም። በዚያው ስሕተት ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቷል። ይህን የምለው የጓደኛሽ ልጅ አንድ ቀን እናቱ እንደፈለገችው ይሆናል ብዬ ዋስትና ለመስጠት አይደለም። ሞኒካ ምሳውን ያቀረበችው ቅድመ ሁኔታ ሳታስቀምጥ ነው። አንድ ጳጳስንም ልጄን አነጋግርልኝ ብላ ለምናው ነበር። አልሄደም፤ ተይው፣ ጸልዪለት ብቻ አላት። አልተው ብላ ስታለቅስበት ነው ይህን ያህል እንባ የፈሰሰለት ልጅ ሊጠፋ አይችልም ያላት።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 2022 ስለ ቅዱስ ዮሴፍ ሲያስተምሩ ልጆቻቸው እንዲህ ሆነው ያገኟቸውን ወላጆች አንስተው ነበር። ልጆቻችሁን አጅቧቸው፣ ከኩነኔ ጀርባ አትደበቁ ነው ያሉት።

እኔም በዚህ ነገር አጥፍቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ይህንኑ ጠይቃኝ «ጠንከር በዪበት» ብያት ነበር። አመስግናኝ ሄደች፤ ተመልሳ አልመጣችም። ልጁ የት እንደደረሰ አላውቅም። ለአንቺ እንዲህ አርዝሜ የምጽፈው ለዚያም ነው።

ፊሊፒንስ አብዛኛው ሕዝቧ ካቶሊክ ነው። «ባክላ» የሚሏቸውን፣ ሴት ሴት የሚሉትን ወይም ወንድ የሚወዱትን ወንዶች፣ ጸጉር ቤትም ቴሌቪዥንም ላይ ያያቸዋል፤ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። የራስ ልጅ ሲሆን ግን ጎረቤት አለ፣ አያት አለች፣ አጎት አለ። «ይመታና ይተወዋል» የሚላት ዘመድ ካለ በፍጹም እንዳትሰማው። እኛ አገር የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ? በእንግሊዝኛ መተርጎሙ ይከብድ ይሆናል፤ ሞክሪው ግን፣ ይገባታል።

ስትደውልለት ስለዚህ ጉዳይ ለመከራከር አትደውል። ልጁ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ያውቀዋል፤ እዚያው ነው ያደገው። ያን ቃል ለእናቱ ከመንገሩ በፊት ስንት ሌሊት እንዳልተኛ ታስብ። የእነሱ ልጆች የትልቅ ሰው እጅ ይዘው ግንባራቸው ላይ ያደርጋሉ፤ «ማኖ ፖ» ይላሉ፤ በእኛ ጉልበት እንደ መሳም ነው። ከሩቅ ሆና እጇን ልትሰጠው ባትችል ድምፅዋን ትስጠው። «ልጄ ነህ» ካለችው ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።

አንቺ ደግሞ ምስጢሩን ጠብቂ። ለመዳምሽም፣ ቤተ ክርስቲያን ለምታገኛቸው ያገሯ ልጆችም እንዳትናገሪ። የነገረሽ ልጁ አይደለም፤ እናቱ ናት፣ እሷም ጨንቋት ነው። እዚያው ዱባይ ኡድ ሜታ ሰፈር ባለችው ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአገሯ ቋንቋ በታጋሎግ ይቀደሳል። ፈቃድ ስታገኙ አብራችሁ ሂዱና ቋንቋዋን የሚያውቅ ካህን ፈልጉ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በአፍ መፍቻው ሲናዘዝ ይቀለዋል።

ካርቶኑን ደግሞ አትርሱት። በመርከብ ስለሚሄድ ሳምንታት ይፈጃል። ፊሊፒናውያን ከገና በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 16 ጀምሮ ዘጠኝ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው ያስቀድሳሉ፤ ከዚያ በፊት ቢደርስ ጥሩ ነው። ለልጁ ጫማ ታስገባበት። ቁጥሩን የማታውቀው ከሆነ፣ እሱም እግሩ አድጎ ይሆናልና፣ ደውላ ትጠይቀው።