«የትኛው ዘይት?» ብሎ ለጠየቀኝ ልጅና ለእኩዮቹ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት አዘዞ ያለው ጋራዤ መጣ። «ጋሼ፣ ከባሌስትራ ቢላ ሠርቻለሁ። ለማጠንከር የትኛው ዘይት ይሻለኛል?» አለኝ። ቆሜ መለስኩለትና ሄደ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

1978 ዓ.ም. ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ። ለፋሲካ ጎረቤታችን የነበሩ ሥጋ ቆራጭ ጥሩ ካራ እንድሠራላቸው አዘዙኝ። ከጭነት መኪና የወለቀ ባሌስትራ አገኘሁ። ወናፍ ስላልነበረኝ ወለቃ፣ የቤተ እስራኤሎች መንደር፣ ሄጄ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ዘንድ አስቀጠቀጥኩት። ሰጥተውኝ ልወጣ ስል «ይሄን ውሃ አታስነካው ልጄ። ዘይት አሙቅና እሱ ውስጥ ንከረው» አሉኝ።

እሺ አልኩ። በልቤ ግን ናቅኳቸው። ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። በዚያ ላይ ዲፕሎማ ነበረኝ። የሞረድ ብረት ውሃ ውስጥ ሲጠነክር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ብረት ያው ብረት ነው አልኩ።

ቤቴ ከሰል አቀጣጥዬ፣ ካራው ብርቱካን ሲመስል ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ውሃው ጮኸ። በጩኸቱ መሃል አንዲት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ጢቅ። የፈላ ሻይ የተቀዳበት ቀዝቃዛ ብርጭቆ እንደሚለው። አውጥቼ ሳየው ከስለቱ ወደ ላይ የወጣች፣ ከፀጉር የቀጠነች መስመር አለች። ሞረድኩት፣ ሞረድኩት፣ ጠፋች ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በዓሉ ደርሷል፤ ገንዘቡንም ተቀብያለሁ።

በዋዜማው ካራው አጥንት ላይ ተሰበረ። ስባሪው የሰውየውን የአውራ ጣት ሥር ከፈተው። «ብረቱ ክፉ ነበር» አሉኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ጥምቀት ስንገናኝ በግራ እጃቸው ነበር የሚጨብጡኝ። እስኪሞቱ ድረስ አልነገርኳቸውም።

ሽማግሌውንም «ልክ ነበሩ» ለማለት ድፍረት አጣሁ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወጡ። እኔ ድፍረቱን አግኝቼ ወለቃ ስደርስ እሳቸውም ከነቤተሰባቸው ሄደዋል። በሩ ላይ አመድ ብቻ ነበር።

«ውሃ አታስነካው» ያሉኝ ምክንያቱ እንዲህ ነው። ባሌስትራ በአብዛኛው ክሮም አለበት፤ ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝም ይጠነክራል። ውሃ ሲነካው ውጪው ቀድሞ ይጠነክራል፣ ውስጡ ዘግይቶ ሲጠነክር ያብጣል፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። ሞረድ ሌላ ነው፤ ቶሎ ካልቀዘቀዘ አይጠነክርም። ስለዚህ «የትኛው ዘይት?» ከማለታችሁ በፊት «የትኛው ብረት?» በሉ። እናንተ ልጆች በስልካችሁ ቪዲዮ አይታችሁ የሰው አገር ዘይት ስም ትጠሩልኛላችሁ፤ በእጃችሁ የያዛችሁት ብረት ከምን እንደወለቀ ግን አታውቁም። ቢሆንም ትጠይቃላችሁ። እኛ አልጠየቅንም።

ለባሌስትራ የምግብ ዘይት ይበቃል። የኑግ ዘይት ጥሩ ነው፤ እየቆየ ግን ይወፍራል፣ ይጣበቃል። ሽታው ሁልጊዜ የእናቴን የጾም ወጥ ያስታውሰኛል። የረጋ ዘይት በጎንደር ጠዋት ብርድ እንደ ቅቤ ስለሚሆን ሳታቀልጡ አትጀምሩ። የትኛውም ቢሆን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ይሙቅ። ሞቅ ያለ ዘይት ቀጭን ነው፤ ብረቱን ከቀዝቃዛው ቶሎ ያበርደዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትንኩ፤ ጭሱ መርዝ ነው። እኔ አሥር ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፤ ከሠራኋቸው ቢላዎች ዛሬም የሚቆርጡ አሉ። አሁንም ግን አትንኩት እላለሁ፤ ደረቴ ያውቀዋል።

ማግኔት ይኑራችሁ። ብረቱ 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይይዘውም፤ ከዚያ ትንሽ ጨምሩና ቀጥ አድርጋችሁ ንከሩት፤ ግራና ቀኝ አታወዛውዙት፣ ይጣመማል። የብረት ክዳን አጠገባችሁ ይሁን። ዘይቱ እሳት ከያዘ ክደኑት፤ ውሃ በጭራሽ!

ልጁ ቅዳሜ ቢላውን ይዞ ይመጣል። ዘይቱን እኔ አሞቃለሁ፣ እሱ ይነክራል። በዚያች ደቂቃ ጋራዡ ውስጥ ማንም እንዳያወራ እነግራለሁ። ጢቅ ካለ መስማት አለበት።