ሐማርቲያ፦ እንከን ወይስ ስሕተት?

ጥያቄ፦ የግሪክ ትራጄዲ ሳስተምር የዋናው ገጸ ባሕርይ ውድቀት ከ«ባሕርይ እንከን» ይመጣል እላለሁ። አንድ ተማሪ «የኤዲፐስ እንከኑ የቱ ነው?» ቢለኝ ተቸገርሁ። ቃሉ ልክ ነው?

መልስ፦ ተማሪዎ ያስቸገረዎ በሚገባ ስላነበበ ነው። ፈላስፋው አሪስቶትል ስለ ትራጄዲ በሚናገርበት በ«ፖየቲክስ» 13ኛ ምዕራፍ የግሪክ አፈ ታሪክ ሰዎቹን ኤዲፐስንና ታይስቴስን የሚጠራው በክፋት ሳይሆን በአንድ ሐማርቲያ (በግሪክ መሳት፣ ስሕተት ማለት ነው) ከታላቅ ክብር ለሚወድቅ ሰው ምሳሌ አድርጎ ነው። የዚህ ቃል ግሥ በጥንቱ የግሪክ ገጣሚ በሆሜር ዘንድ የተወረወረ ጦር ሲስት ይነገራል። አማርኛስ ምን ይላል? ዒላማ ሳተ፣ መንገድ ሳተ። «ሳተ» የግዕዙ «ስሕተ» ነው፤ ሐ በግሡ ተውጣ ቀረች፣ «ስሕተት» ላይ ግን አለች። «ስሕተት» በሐመሩ ሐ ይጻፍ የምለውም ለዚህ ነው። እንከን ከሰው ጋር የሚኖር ነው፤ ስሕተት ግን የሚፈጸም ድርጊት ነው።

ሐዲስ ኪዳንን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የመለሱት አበው ይህንኑ ሐማርቲያ «ኃጢአት» አሉት። ግሩም ምርጫ ነው፤ «ኀጥአ» የእኛው «አጣ» ነውና ከመሳት አይርቅም። ዛሬ ግን ኃጢአት ያለ ንስሐ አይታሰብም። ላዮስን አባቱ መሆኑን ሳያውቅ የገደለ፣ ዮካስታን እናቱ መሆኗን ሳያውቅ ያገባ ሰው ምኑን ይናዘዛል? የኤዲፐስን ታሪክ በተውኔት የጻፈው ሶፎክለስ «ኤዲፐስ በኮሎኖስ» በተባለው ተውኔቱ ሽማግሌውን ኤዲፐስ «ሥራዬ ከሠራሁት ይልቅ የደረሰብኝ ነው» የሚል ሐሳብ ያናግረዋል።

እንከን ባዮች «ቁጣውስ?» ይሉኛል። ላዮስን በመስቀለኛው መንገድ መግደሉን፣ ዐይነ ስውሩን ነቢይ ቲሬስያስን መዝለፉን ይቈጥሩብኛል። ቁጣው መኖሩን አልክድም፤ ደራሲው ራሱ በግልጽ አሳይቶታል። ነገር ግን ግልፍተኛ ሁሉ አባቱን አይገድልም። ክንዱን ያነሣው ቁጣ ይሁን፤ ለጥፋት ያበቃው የመታውን ሰው ማንነት አለማወቁ ነው።

«የባሕርይ እንከን» ለጆሮዬም አይጥመኝም። ባሕርይ የሚለውን ቃል ከሊቃውንቱ የነገረ መለኮት ትምህርት ለይቼ መስማት አልቻልሁም። ይህ ማስረጃ አይባልም፤ ቢሆንም አልተወውም።

ሐረጉ በየክፍሉ ሥር መስደዱን ግን ማን ይክዳል? ተማሪ በፈተና «እንከን» ብሎ ቢጽፍ ነጥብ አይቀንሱበት። «ስሕተት»ን በሃሌታው ሀ ቢጽፍም ይለፉት፤ ጋዜጣው ሁሉ «ስህተት» እያለ ልጁን ብቻ መቅጣት አይሆንም።