ሳላስበው እጄ ቀደመኝ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሞባይል ሱቅ አለኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ የጋምቤላ ልጅ ገባ። ሳላስበው ባንኮኒው ላይ የነበረውን ስልክ ወደ ራሴ ሳብኩና በእንግሊዝኛ አናገርኩት። «አማርኛ እችላለሁ እኮ፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው» አለኝ። ዓይኑ ግን ስልኩ ላይ ነበር። ቻርጀር ገዝቶ ወጣ። ዘረኛ ነኝ እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ክፋት አስበሽ እንዳልሆነ ይገባኛል። ልጁ ያየው ግን ሐሳብሽን ሳይሆን እጅሽን ነው። «ቀይ ናት» ሲባል ሙገሳ፣ «ጥቁር» ሲባል ስድብ ሆኖ እየሰማን ነው ያደግነው፤ ቆዳው የጠቆረውን ሰው «ባሪያ» የሚል አፍም ዛሬም በየሰፈሩ አለ፣ እና ይሄ ሁሉ ሳንጠራው እጃችን ላይ ይደርሳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ እነ አንቶኒ ግሪንዋልድ በ1998 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ፈተና የሚለካውም ይህንኑ ነው፦ ሰው የጥቁርና የነጭ ሰዎችን ስም ወይም ፊት ከመልካምና ከመጥፎ ቃል ጋር፣ ቁልፍ እየተጫነ፣ ለማዛመድ የሚፈጅበትን ጊዜ። አድልዎ የለብኝም ከሚሉ ሰዎችም ብዙዎቹን እጃቸው ያጋልጣቸዋል።

እኔ ብሆን ስልኮቹን ማንም ገባ ማን አንድ ቦታ፣ መስታወት ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሰላምታውም ለሁሉም አንድ ይሁን። ልጁ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ «ያን ቀን ስልኩን መሳቤ ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ» በይው። ማብራሪያ አታብዢበት።